ከቆመ ቤት ሥር ቤዝመንት መሥራት፦ ፈቃዱና ወጪው እንዴት ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ፎቅ የለውም። አንዱ ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ልጆቹ አድገዋል፣ እናቴም አብራን ልትኖር ነው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ወደ ጎን መስፋት አልቻልንም። ስለዚህ ከሳሎኑ ሥር ቆፍረን 5 በ6 ሜትር የሆነ ቤዝመንት ብንሠራ ብለን አሰብን። አንድ ወዳጄ «ከውጭ ስለማይታይ ፈቃድ አያስፈልገውም» አለኝ። እውነት ነው? ሁለት ኮንትራክተሮችም ዋጋ ሰጥተውኛል፤ የአንዱ የሌላውን እጥፍ ነው። በምን ላመዛዝናቸው?

መሐንዲሷ፦
ወዳጅዎ ተሳስቷል። በብዙ አገር ሁለት ዓይነት ፈቃድ አለ። አንዱ የፕላን ፈቃድ ነው፤ ቦታው ምን ላይ እንደሚውልና የቤቱ መልክ እንዴት እንደሚለወጥ ያያል። ፊት ለፊት መስኮት ወይም ለታችኛው ክፍል ብርሃን የሚያስገባ ጉድጓድ ካላወጡ፣ ቤቱም ቅርስ ካልሆነ ይህኛው ቀለል ሊል ይችላል። ሁለተኛው የግንባታ ፈቃድ ነው። እሱ የሚያየው ቤቱ እንዳይወድቅ፣ ሰው ከእሳት እንዲያመልጥ፣ አየር እንዲገባ ነው። ከመሠረት ሥር እየቆፈሩ ከዚህኛው ማምለጥ አይታሰብም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል ቤቱ የሚሸጥ ቀን፣ ወይም ጉዳት ደርሶ ኢንሹራንስ የሚጠየቅ ቀን ጣጣ ያመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎት። እናትዎን ታች ሊያስተኙ ከሆነ እንደገና ያስቡበት። መኝታ ክፍል ከሆነ ከደረጃው በተጨማሪ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ወይም በር ይፈልጋል። ጉልበታቸውም አለ። እሳቸው ላይኛው ይሁኑ፣ ልጆቹ ይውረዱ።

ግንበኛው፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ አፈሩን አስላ። ጣሪያው 2.4 ሜትር እንዲሆን ከፈለግህ ከወለሉ አርማታና ከማጠናቀቂያው ጋር ወደ 3 ሜትር ትቆፍራለህ። 5 በ6 በ3፣ 90 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ክብደቱ 160 ቶን አካባቢ ይመጣል። አፈር ሲቆፈር ደግሞ ይነፋል፤ እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 40 በመቶ ይጨምራል። ገልባጭ መኪና ግቢው ድረስ የማይገባ ከሆነ ያ ሁሉ በእጅና በጋሪ ነው የሚወጣው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ወጪ ይሄ ነው።

ሌላው መሠረቱ ነው። ነባሩን መሠረት በአንዴ ከሥሩ ባዶ አታደርገውም። አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ትቆፍራለህ፣ አርማታ ትሞላለህ፣ እስኪጠና ትጠብቃለህ። ቀጥሎ ያለውን አትነካም፤ ራቅ ያለውን ትይዛለህ። እንዲህ እየተባለ ዙሪያው ያልቃል። ቀኑም የሙያተኛው ክፍያም የሚበዛው ለዚህ ነው። «በሁለት ሳምንት ጨርሼ አስረክባለሁ» የሚልህን አትመነው።

ቦታውም የምታስበውን ያህል አይሆንም። አዲሱ ግድግዳ በየጎኑ ወደ ውስጥ 30 ሳንቲ ቢይዝ፣ 30 ካሬ ያልከው 24 ካሬ ገደማ ይሆናል። ደረጃው ገና አልተቀነሰም።

በውሃ የተጎዳ፦
እኔ ያልተነገረኝን ልንገርህ። የእኛ ሲቆፈር ወቅቱ ደረቅ ነበር፤ ጉድጓዱ ውስጥ ጠብታ ውሃ አልነበረም። ሠሪው ግድግዳውን ልዩ ቀለም ቀብቶ አስረከበን። ዝናቡ ሲመጣ ውሃው በወለልና በግድግዳው መገናኛ ገባ። አልጋው፣ የልጆቹ ደብተር፣ ሁሉም በሰበሰ። በኋላ ሁሉን አፍርሰን እንደ አዲስ ነው የሠራነው። ከግድግዳው ፊት ውሃውን ወደ ታች የሚመራ ሽፋን፣ ወለሉ ዳር ቦይ፣ መጨረሻ ላይ ፓምፕ ያለበት ጉድጓድ ገባ። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባትሪና ሁለተኛ ፓምፕም ጨምረናል። መጀመሪያ ቢደረግ ኖሮ ያን ሁሉ ባልተሰቃየን።

መሐንዲሷ፦
እሱ ያለው ልክ ነው፤ ውሃው ከጎን ብቻም አይመጣም። የከርሰ ምድር ውሃው ከወለልዎ 2 ሜትር ከፍ ካለ፣ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ2 ቶን ወደ ላይ ይገፋል። ለ24 ካሬ ወደ 48 ቶን ነው። ወለሉ ይህን ታስቦ ካልተሰላ ይሰነጠቃል። ታች ሽንት ቤት ካሰቡም ፍሳሹ በራሱ ወደ ዋናው መስመር ስለማይወጣ የሚገፋው ሌላ ፓምፕ ይፈልጋል።

የጋራ ግድግዳውን በተመለከተ፣ የጎረቤትዎን ስምምነት በጽሑፍ ያግኙ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አብራችሁ ቤታቸውን ዞራችሁ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ቀን ያለበት ፎቶ አንሱ። ነገ «ይሄ በእናንተ የመጣ ነው፣ አይደለም» መባባል አይኖርም። ጉርብትናችሁም ይተርፋል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱን የዋጋ ማቅረቢያዎች እንደገና አወጣኋቸው። በርካሹ ውስጥ አፈር ማስወጣት የለም፣ ፓምፕ የለም፣ የመሐንዲስ ስሌትም የለም። ውድ ያልኩት ሁሉንም አስገብቷል። አሁን የመጀመሪያ ሥራዬ ምን ይሁን?

መሐንዲሷ፦
ማንንም ሳይዋዋሉ የአፈር ምርመራ ያሠሩ። ለምርመራው ከሚቆፈሩት ሁለት ጉድጓዶች አንዱ ከጋራው ግድግዳ አጠገብ ይሁን፤ የነባሩ መሠረት ጥልቀት እዚያ ይታያል። ሌላው ደግሞ ሊቆፍሩ ካሰቡት ወለል በታች ይውረድ። በሁለተኛው ውስጥ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ይተዉና የዝናቡ ወቅት እስኪያልፍ ውሃው የት እንደሚደርስ በየሳምንቱ ይለኩ። ውሃው ከፍ ካለ ቤዝመንቱን ትተው ፎቅ ቢጨምሩ ይሻላል፤ መሠረቱ ከቻለው በአብዛኛው ወጪውም ያንሳል። ዝቅ ካለ ያንን ውጤት ለሁለቱም ኮንትራክተሮች ይስጧቸውና ተመሳሳይ የሥራ ዝርዝር ላይ ዋጋ እንዲሞሉ ያድርጉ። ያልታሰበ ነገር ሁልጊዜ ስለሚመጣ ከጠቅላላው ከ15 እስከ 20 በመቶ ለብቻው ያስቀምጡ። ክፍያውንም ሥራው በደረሰበት ልክ ይክፈሉ እንጂ አብዛኛውን በቅድሚያ አይስጡ።

ግንበኛው፦
ጉድጓዱ ክፍት ሲቀመጥ ክደነው፣ አጥረውም። ልጆች አሉ ብለሃል።