«ገበሬው እህል መዝራት ሰንፎ ነው» ላልከው ሰው

የአዊ ልጅ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ አንዱ «ጤፍ የተወደደው የአዊ ገበሬ እህል መዝራት ሰንፎ ማሳውን በዲከረንስ ስለሞላው ነው» ብሎ ጻፈ። ዲከረንስ ለከሰል የምንተክለው የግራር ዓይነት ዛፍ ነው። ስንቱ ላይክ አደረገለት! በጣም ነው የተናደድኩት። ያደግኩት አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። አፈራችን አሲዳማ ነው። አባቴ የዘራትን ገብስ እንኳ መልሶ የማያገኝበት ዓመት ነበር። ዲከረንስ ግን በ4 በ5 ዓመት ይደርሳል፣ ከሰል ሆኖ ይሸጣል። ታናናሾቼ የተማሩት በሱ ነው። ስንፍና የምትለው ይሄን ነው?

ሸገር፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። እህል በየዓመቱ እርሻ አለው፣ አረም አለው፣ አጨዳ አለው። ዛፍ አንዴ ተክለህ ትተኛለህ። ሁሉም ከሰል ካከሰለ እንጀራው ከየት ይምጣ? ብር አይበላም።

የአዊ ልጅ፦ ትተኛለህ?! ከሰል አክስለህ ታውቃለህ? ቆርጠህ፣ ከምረህ፣ በአፈር ከድነህ፣ አየር ገብቶ አመድ እንዳያደርግብህ ሌሊቱን ስትጠብቅ ታድራለህ። ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል። በሁለተኛው ሣሩ ለከብት ይታጨዳል። ዛፉ ሲነሳ እንደገና ጤፍ ነው።

የግብርና ባለሙያ፦ እውነቱን ነው። ዲከረንስ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይጨምራል፣ እንደ ባሕር ዛፍ አትቁጠሩት። የኔ ስጋት ሌላ ነው። ወረዳው በሙሉ አንድ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። የፈንገስ በሽታ ገብቶ ዛፉን ሲያደርቀው አይተናል። ያኔ ማሳው ላይ እህልም ዛፍም ያጣ ገበሬ ምን ይብላ?

ሸገር፦ ይኸው! እኔስ ምን አልኩ?

የግብርና ባለሙያ፦ አንተማ «ሰንፎ» ነው ያልከው። አሲዳማ አፈር በኖራ ይታከማል። ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ነው የሚፈጀው። ማን ነው ገበሬው ደጅ የሚያደርስለት?

ባለጉሊት፦ ከሰሉን የሚገዛው ማነው ታዲያ? እኛው የከተማ ሰዎች አይደለንም? መብራት ሲጠፋ በምን ነው የምታበስሉት?

ሸገር፦ እኔ በጋዝ ነው የማበስለው።

ባለጉሊት፦ ቡናህንስ?

የአዊ ልጅ፦ ቡናውን ተዉት እባካችሁ። «ሰንፎ» ያልከውን አንሳልኝ። አባቴ 70 አልፎታል፣ ዛሬም ማሳው ላይ ነው የዋለው።

ሸገር፦ አባትህን አልሰደብኩም ወንድሜ፣ ክብር ይስጥልኝ። ግን ጤፉስ?