ሳሙና የማያረፋ ውሃ፦ የውሃ ማለስለሻ ያዋጣል?

ቦርከና ማዶ፦
ሰላም ጀመዓ። ቤቱ ኮምቦልቻ ነው፤ ውሃው ከጉድጓድ ወደ ሮቶ ይወጣና ከሮቶ ወደ ቤት ይወርዳል። በመለኪያ ወረቀት ጥንካሬው (የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዚየም) 300 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ ያሳያል። ሳሙና አያረፋም፣ ነጠላ ታጥቦ ያመዳል፣ የሻወር ማሞቂያው ኤለመንት ዓመት ሳይሞላው ተቃጥሏል። አምስት ሰው ነን። ማለስለሻ ቢገባ ጥቅሙ እስከ ምን ድረስ ነው? ጨውስ በወር ስንት ይበላል?

ቁልፍ 14፦
አብሽር ወንድሜ፣ ሸጋ ጥያቄ ነው። ከ180 በላይ የሆነ ውሃ በጣም ጠንካራ ከሚባለው ውስጥ ነው፤ 300 ደግሞ ማሞቂያ ይጨርሳል። ውሃው ሲሞቅ ካልሲየሙ ቅርፊት ሆኖ ኤለመንቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጫ ሲያጣ ኤለመንቱ ራሱን ያቃጥላል። የማለስለሻው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የሳሙናው ቁጠባ ሁለተኛ ነው።

ማሽኑ ውስጥ ያለው ሬዚን የሚባል ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብል ነው (ሬንጅ አይደለም፣ ሱቅ ስትጠይቅ ይምታታል)። ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዝና በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ሲሞላ በጨው ውሃ ይታጠባል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ አምስት ሰው እያንዳንዱ በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም 300 ሊትር ይሆናል፤ በ0.3 ግራም ሲባዛ በቀን 90 ግራም ጥንካሬ ነው። 10 ሊትር ሬዚን በ1.2 ኪሎ ጨው ታጥቦ ወደ 500 ግራም ይይዛል። ስለዚህ በየአምስት ቀኑ ይታጠባል፣ በወር 7 ኪሎ ገደማ ጨው ይበላል። ጨው ርካሽ ነው ብሎ ጭቃ ያለበትን ማስገባት ግን አያዋጣም፤ ጨው የሚስበውን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍነዋል። የሚሻለው ንጹሕና ሻካራ ጨው ነው። ጨው ማስቀመጫው ውስጥ ከላይ ደርቆ ከሥሩ ባዶ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ ከላይ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፣ ውሃው ግን ሳይለሰልስ ያልፋል። በእንጨት ወጋ ማድረግ ነው።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው ግፊቱ ላይ ነው። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ነው። ሮቶው ከቧንቧው በ3 ሜትር ከፍ ካለ ያለው ግፊት 0.3 ባር ነው፣ አውቶማቲክ ቫልቮች ደግሞ ወደ 2 ባር ይፈልጋሉ። ያለ ፓምፕ ጨዉን አይስቡም። ሰውም ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ይመልሰዋል።

አገጣጠሙ፦ ከሮቶ ቀጥሎ ፓምፕ፣ ከዚያ 5 ማይክሮን የደለል ማጣሪያ፣ ከዚያ ማለስለሻው፣ በመጨረሻ ማሞቂያው። በማለስለሻውና በማሞቂያው መካከል ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ) ይግባ፤ ውሃ ሲቋረጥ የሞቀው ወደ ኋላ ተመልሶ ሬዚኑን ይጎዳል። ሦስት ቫልቭ ያለው ባይፓስም (ማሽኑን ዘሎ ውሃ የሚያሳልፍ መስመር) አይረሳ።

ቦርከና ማዶ፦
እህት ነኝ 🙂 ለመጠጥስ ይሆናል?

ጤና አዳም፦
እህቴ፣ የወጥ ቤቱን ቀዝቃዛ መስመር ከማለስለሻው በፊት ለይተሽ አስቀጥይ። 300 ጥንካሬ ሲለሰልስ በሊትር 138 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ይጨመርበታል። ደም ግፊት ላለበት ሰውና ለሕፃን ወተት መበጥበጫ አይመከርም። ማለስለሻ ጀርም አይገድልም፣ ፍሎራይድም አያወጣም፤ ንጹሕ ውሃ ሆነ ብለሽ እንዳትተማመኚበት።

ቁልፍ 14 በማሽኑ ላይ ያለው ልክ ነው፤ ሁሉ ቤት ግን ማሽን ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። የወሎ ደጋ መሬት በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ከዚህ የሚወጣ ውሃ ጥንካሬው ብዙውን ጊዜ ከባይካርቦኔት ስለሆነ ሲፈላ ይወርዳል። 10 ደቂቃ አፍልተሽ አሳድሪውና ከላዩ ቅጂ፤ ከሥር የቀረው ነጭ ዱቄት እሱ ነው። ለሻይና ለንፍሮ ይህ ይበቃል። በጠንካራ ውሃ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ የማይበስለው ካልሲየሙ ልጣጩን ስለሚያጠነክረው ነው፤ እንጨቱ ይቃጠላል፣ ንፍሮው ግን እንደ ድንጋይ ነው።

ለልብስ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት፣ ውሃ የሚያለሰልስ ነጭ ዱቄት) አለ። በ300 ጥንካሬ ለ20 ሊትር ጀሪካን 6 ግራም ተኩል ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ሞላ ብሎ፣ ይበቃል። መጀመሪያ በጥብጪው፣ 10 ደቂቃ ቆይተሽ ሳሙናውን ጨምሪ። ኮስቲክ ሶዳ ሌላ ነገር ነው፣ እጅ ያቃጥላል። ሱፍና ሐር ላይም ሶዳ አሽ አታስነኪ።

ጦሳ ሥር፦
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ማሞቂያው ላይ አስቀድሞ የያዘው ቅርፊት ማለስለሻ ስለገባ ወዲያው አይለቅም። ዛሬውኑ የሚሠራው ይኸው ነው። ብሬከሩን አጥፊ፣ የቀዝቃዛውን መግቢያ ዝጊ፣ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቺ፣ ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላ ከማሞቂያው ሥር ባለው ማፍሰሻ ይፍሰስ። ኤለመንቱን ከነፍላንጁ (ከተሰካበት የብረት ክዳን ጋር) አውጪ፣ የጎማ ማሸጊያው ከደረቀ ይቀየር። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ በጥብጠሽ ኤለመንቱን አንድ ሰዓት ዘፍዝፊው፤ የሽቦ መግቢያው ጫፍ ግን አይርጠብ። ይፍለቀለቃል፣ ቅርፊቱም ይለቃል። ሲትሪክ ከጠፋ አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ይሠራል፣ ቀስ ይላል እንጂ። በረኪና ግን ከሁለቱም ጋር በፍጹም አይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ከኤለመንቱ አጠገብ ያለው የማግኒዚየም ዘንግ ተበልቶ ሽቦው ከታየ አብሮ ይቀየር። ቴርሞስታቱን ከ60 ዲግሪ በላይ አትጫኚው፤ ከዚያ በላይ ቅርፊቱ እጅግ ይፈጥናል።

ማለስለሻውን ከገዛሽ ሳሙናውን በግማሽ ቀንሺ፤ ገላ ሙልጭልጭ አለ የሚለው ቅሬታ የሚበዛው በድሮው መጠን በሚታጠብ ሰው ነው። ሬዚኑ የሚታጠብበት ጨዋማ ውሃ ደግሞ ወደ ፍሳሽ እንጂ ወደ ጓሮ አይለቀቅ፣ ጌሾው ይደርቃል።