ፋውንዴሽን ይር ወስጄ ነርስ መሆን እችላለሁ? (እንግሊዝ አገር)

ጥያቄ፦ ጀማሪዋ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው በርሚንግሃም ነው። 29 ዓመቴ ነው፤ የ4 ዓመት ልጅ አለችኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ኬር ሆም ውስጥ አረጋውያን እየተንከባከብኩ ነው የምሠራው። 12ኛ ክፍልን የጨረስኩት አገር ቤት ነው፤ ጂሲኤስኢ (እዚህ አገር በ16 ዓመት ገደማ የሚወሰድ ፈተና) የለኝም። ነርሷ መጥታ የታማሚ ቁስል ስታክም አጠገቧ ቆሜ አያለሁ። እኔም ይህን መሥራት እፈልጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ደወለልኝ። «ሄልዝ ኤንድ ሶሻል ኬር (የጤናና ማኅበራዊ እንክብካቤ ትምህርት) ከነፋውንዴሽኑ አራት ዓመት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ትማሪያለሽ፤ የመንግሥት ብድር ታገኛለሽ፤ ስትጨርሺ ነርስ ነሽ» አለኝ። እስከ ዓርብ ፈርሚ እያለ ነው። እውነቱን ነው? ሲክስዝ ፎርም (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለው ደረጃ) የሚማር ታናሽ ወንድምም አለኝ፤ እሱ ሐኪም መሆን ይፈልጋል። ለእሱም ምክር ካላችሁ።

መልስ፦ የማታ ፈረቃ

እህቴ፣ በእናትሽ እንዳትፈርሚ። እኔ ፈርሜ አራት ዓመት ተምሬአለሁ። ለእኔም «ነርስ ትሆኛለሽ» ነበር የተባልኩት። ዲግሪውን ይዤ ለነርስ ሥራ ሳመለክት «የምዝገባ ቁጥርሽ የታለ?» አሉኝ። የለኝም። ትምህርቱ መጥፎ ነበር አልልም፤ ብዙ ነገር አውቄበታለሁ። ግን ነርስ አያደርግም። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ያለቀስኩትን አልረሳውም። አንቺ ከመፈረምሽ በፊት በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

መልስ፦ ዋርድ 7

ነርስ ከሆንኩ 14 ዓመቴ ነው። ነገሩን ላስረዳሽ።

ፋውንዴሽን ይር «ዜሮ ዓመት» ማለት ነው። ለዲግሪው የመግቢያ ውጤት የሌለውን ሰው የሚያዘጋጅ አንድ ዓመት ነው፤ ለብቻው ዲግሪ አይሰጥም። ፋውንዴሽን ዲግሪ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ የሁለት ዓመት ትምህርት ሲሆን ነርሲንግ አሶሺየቶች (ከነርስ አንድ ደረጃ ዝቅ ያሉ ባለሙያዎች) የሚወስዱት ነው። ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ዋናው ጥያቄ ከዜሮው ዓመት በኋላ የሚመጣው ዲግሪ ምንድን ነው የሚለው ነው። ነርስ የሚያደርግሽ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት፣ ማለትም ኤንኤምሲ፣ ያጸደቀው ዲግሪ ብቻ ነው። የተፈቀዱት ኮርሶች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አለ። ፊዚዮቴራፒ፣ ራዲዮግራፊና ፓራሜዲክ ከሆነ የምታዪው የኤችሲፒሲን፣ ማለትም እነዚህን ሙያዎች የሚመዘግበውን ምክር ቤት፣ ዝርዝር ነው። ኮርሱ እዚያ ከሌለ ደዋዩ ምንም ቢምል ዋጋ የለውም።

ሌላም ምልክት አለ። የነርስ ትምህርት 2,300 ሰዓት ተግባራዊ ልምምድ አለው። ሆስፒታል ውስጥ ሌሊትም ቅዳሜና እሑድም ትገቢያለሽ። ስለዚህ «በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ» ሲሉሽ ንቂ።

ትክክለኛው «ነርሲንግ ከፋውንዴሽን ይር ጋር» የሚባለውም አለ፤ ጥሩ ነው። ግን «ዜሮውን ዓመት ካለፍኩ ወደ ነርሲንጉ መግባቴ የተረጋገጠ ነው? ስንት ነጥብ ማምጣት አለብኝ? ሌላ ቃለ መጠይቅ አለ?» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ያዢ። በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ላይ ማስረጃ አይሆንሽም።

የማታ ፈረቃ፣ አንቺም ተስፋ አትቁረጪ። ዲግሪ ላለው ሰው የሁለት ዓመት የነርሲንግ ማስተርስ አለ። ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪም ቢሆን ብድር ከሚፈቀድላቸው ጥቂት ትምህርቶች አንዱ ነው። ያለሽ ዲግሪ ይበቃ እንደሆነ ዩኒቨርሲቲዎቹን ጠይቂያቸው።

መልስ፦ የኮሌጅ አስተማሪ

እኔ ብሆን አክሰስ ኮርስን (አዋቂዎችን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ትምህርት) አስቀድማለሁ። በአካባቢሽ ኮሌጅ አንድ ዓመት ነው፤ 60 ክሬዲት አለው፤ ከዚያ ውስጥ 45ቱ ውጤት የሚሰጥባቸው ናቸው። ክፍያውን በአድቫንስድ ለርነር ሎን (የመንግሥት የትምህርት ብድር) ትሸፍኚያለሽ። ገቢሽን አይጠይቁም። ከዚያ ዲግሪሽን ስትጨርሺ የአክሰሱ ብድር ቀሪ ይሰረዛል። የፋውንዴሽን ይር ብድር ግን እንደዚያ አይሰረዝም፤ የትምህርቱ ክፍያም በ2025/26 እስከ 9,535 ፓውንድ ድረስ ሊሆን ይችል ነበር።

አክሰስ ጉድለትም አለው። ብድሩ የሚሸፍነው ክፍያውን ብቻ ነው፤ ለኑሮ አይሰጥሽም። ፋውንዴሽን ይር የኑሮ ብድር አለው። ልጅ ላላት እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮሌጁን ስለ በርሰሪ (የማይመለስ ድጎማ) ጠይቂ፤ ለልጅ መዋያ የሚረዳ ገንዘብ ሊኖረው ይችላል።

ከሁሉም በፊት ግን እንግሊዝኛና ሒሳብ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ጂሲኤስኢ 4 (ማለፊያ ውጤት) ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹ በምትኩ ፈንክሽናል ስኪልስ ሌቨል 2 የሚባለውን ፈተና ይቀበላሉ። ከ19 ዓመት በላይ ለሆነና ይህ ደረጃ ለሌለው ሰው ትምህርቱ በነፃ ነው። የ12ኛ ክፍል ወረቀትሽንም በዩኬ ኢኒክ አስመዝኚው፤ እዚህ አገር ከየትኛው ደረጃ ጋር እንደሚተካከል ይጽፉልሻል።

ጀማሪዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዋርድ 7፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የነርሲንግ ተማሪዎች 5,000 ፓውንድ በነፃ ያገኛሉ የሚባለው እውነት ነው? ሥራዬን ሳልለቅ የምማርበት መንገድስ አለ?

ዋርድ 7

እውነት ነው፣ ልጄ። የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ለርኒንግ ሰፖርት ፈንድ ይባላል። በዓመት 5,000 ፓውንድ ነው፤ አይመለስም። ልጅ ስላለሽ 2,000 ሊጨመርልሽ ይችላል። ግን የሚጀምረው ዋናው የነርሲንግ ዲግሪ ሲጀመር ነው፤ በዜሮው ዓመት አታገኚውም። ያን ዓመት በምን እንደምትኖሪ አስቀድመሽ አስቢ።

ሥራ ሳትለቂ ከሆነ፣ ማናጀርሽን ስለ ነርሲንግ አሶሺየት አፕረንቲስሺፕ ጠይቂ። ደመወዝ እየተከፈለሽ ሁለት ዓመት ትማሪያለሽ። ስትጨርሺ ኤንኤምሲ ይመዘግብሻል፤ ግን ነርስ ሳይሆን ነርሲንግ አሶሺየት ሆነሽ ነው። ከዚያ አጠር ባለ ጊዜ ወደ ነርስነት መሻገር ይቻላል። እኔ ዘንድ ካሉት ጎበዞች አንዷ በዚህ መንገድ ነው የመጣችው።

መልስ፦ 3ኛ ዓመት ሕክምና

ለወንድምሽ። ጌትዌይ የሚባል የስድስት ዓመት ሕክምና አለ። ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን፣ ሳውዝሃምፕተንና ሌስተር አላቸው። የታሰበው ኑሮው ወይም ትምህርት ቤቱ ወደ ኋላ ላስቀረው ተማሪ ነው፤ የመግቢያ ውጤቱም ዝቅ ይላል። መስፈርቱ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የቤተሰብ ገቢ፣ ትምህርት ቤት፣ ከቤተሰብ ዩኒቨርሲቲ የገባ መኖር አለመኖሩ። አንድ በአንድ ያንብበው። «ፕሪሊሚነሪ ይር» የሚባለው ግን ሳይንስ ሳይማር ከፍተኛ ውጤት ላመጣ ሰው ነው፤ አያምታታው።

የሕክምና ማመልከቻ በጥቅምት 15 በፈረንጆቹ ይዘጋል፤ ከሌሎቹ ኮርሶች በወራት ይቀድማል። በዩካስ (የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ሥርዓት) ከአምስቱ ምርጫዎች ሕክምና መሆን የሚችሉት አራቱ ብቻ ናቸው። ዩካት የሚባለውን የሕክምና መግቢያ ፈተናም ከዚያ በፊት መውሰድ አለበት። እኔ ቀኑን ዘግይቼ ነው የሰማሁት፤ አንድ ዓመት አለፈኝ።

ጀማሪዋ

ለሰውዬው «ኮርሱ ኤንኤምሲ ዝርዝር ላይ የቱ ጋ ነው?» ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰም። ሐሙስ ኮሌጁ ክፍት ቀን አለው፤ ፈረቃዬን ቀይሬአለሁ። የማታ ፈረቃ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ አንቺም ስለ ማስተርሱ ስትጠይቂ አብረን እንሂድ።