ሰዓት ያልተመዘገበበትን የአደጋ ጊዜ ሕክምና እንዴት መገምገም ይቻላል?

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ የምገኝ የኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፌ በጎርፍና በመሬት መንሸራተት ጊዜ የሚሰጥ የሕክምና ምላሽ የሚገመገምበትን መንገድ ይመለከታል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሲቀጥፍ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተረባረቡ ነበሩ። በእንዲህ ያለ አደጋ ሆስፒታል የደረሱትን ብቻ ቆጥሮ ምላሹን መመዘን፣ ሳይደርሱ የቀሩትን ከነጭራሹ መዘንጋት ነው ብዬ አምናለሁ።

የተቸገርኩት በመረጃው ነው። ከአንድ ጤና ተቋም ባገኘሁት የድንገተኛ ክፍል መዝገብ ላይ ዕድሜ፣ የጉዳት ዓይነትና ቀን ሰፍረው ሳለ፣ የመግቢያ ሰዓቱ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው፤ የትሪያጅ (ታካሚዎችን በጉዳታቸው ክብደት የመለያ) ቀለምም አልተጻፈም። ቁስለኛ በሚጎርፍበት ሰዓት ከብዕር ይልቅ ቁስል ማሰር እንደሚቀድም እረዳለሁ፤ ሆኖም ሰዓቱ ካልታወቀ፣ ታካሚው ሕክምና እስኪያገኝ የጠበቀውን ጊዜ ማስላት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ለድንገተኛ ሕክምና ቡድኖች የተቀበለው የዕለት ሪፖርት ቅጽም ለወደፊቱ እንጂ ላለፈው አይደርስልኝም።

ሰዓቱን ከአምቡላንስ ስምሪት መዝገብና ከባለሙያዎች ቃለ መጠይቅ መልሶ ማቀናጀት በጥናት ረገድ ተቀባይነት ይኖረዋል? የትውስታ መዛባትንስ በምን መቆጣጠር ይቻላል? በተለይ ሳይታከሙ የሞቱትን በቀበሌ ደረጃ አጣርታችሁ የምታውቁ ባለሙያዎች፣ የተጠቀማችሁበትን መጠይቅ ወይም ዘዴ ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።