አራት ማዕዘን ሚስማር የሚያመርተው የድሮ ፋብሪካ

ቦስተን ዳር፦ ሰላም ወገኖች። የአሮጌ ቤት ወለል ስንነቅል ጠፍጣፋ፣ ጫፋቸው ዱልዱም የሆነ ሚስማሮች ወጡ። አንዱ «የትሬሞንት ሥራ ነው» አለኝ። ስለ ፋብሪካው የሚያውቅ አለ?

ታሪክ ወዳዱ፦ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዌርሃም በምትባል ከተማ በ1819 እ.ኤ.አ. ነው የተቋቋመው። ቦታው ላይ መጀመሪያ የጥጥ ፋብሪካ ነበር፣ እንግሊዞች በ1814 መጥተው አቃጠሉት። በ2006 ኤኮርን የሚባል ድርጅት ገዝቶት ሥራው ወደ ማንስፊልድ ተዛወረ እንጂ አልሞተም። ግን ያንተ ሚስማር የግድ የእነሱ ነው ማለት አይቻልም፤ ያኔ በአካባቢው የሚስማር ፋብሪካ ሞልቶ ነበር።

አናጢው፦ ዱልዱምነቱ እኮ ነው ጥቅሙ! ጠፍጣፋውን ብረት ማሽኑ እንደ መቀስ ይቆርጠዋል፣ ከዚያ የሚስማሩን ራስ ቀጥቅጦ ያወጣለታል። ሹል ሚስማር የእንጨቱን ጭረት (በርዝመቱ የሚሄደውን ክር) ገፍቶ ይሰነጥቃል፣ ይሄ ግን እየበጠሰ ነው የሚገባው፣ ከገባ በኋላ መንቀል መከራ ነው። ሰፊውን ጎኑን ከጭረቱ ጋር አስተካክለህ ምታው፣ አዙረህ ከመታኸው ያው እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ሰሚራ፦ ታዲያ ለምን ጠፋ?

አናጢው፦ ዋጋ ነዋ! በ1800ዎቹ መጨረሻ ከሽቦ የሚሠራው ክብ ሚስማር ረክሶ ገበያውን ጠቀለለው። አሁን ይሄኛውን የሚገዛው አሮጌ ቤት የሚያድስና ኮንክሪት ላይ እንጨት የሚመታ ሰው ነው። ቀጥ ያሉትን አትጣል፣ መልሰህ ምታቸው።