ቡችላዬ ጫማ ጨረሰብኝ፤ ምን ላስቆርጥመው?

የአቶቴዋ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ? ሐዋሳ አቶቴ ነው የምኖረው። ከሁለት ወር በፊት ወንድሜ ቡችላ አመጣልኝ። የሐበሻና የጀርመን ሼፐርድ ዲቃላ ነው ብሎኛል። አንዱ ጆሮው ቆሟል፣ አንዱ ገና እያሰበበት ነው። ስሙ ቦቢ ነው፣ አምስት ወር ሞልቶታል።

ሥራው ማኘክ ብቻ ሆነ። የልጄን የትምህርት ቤት ጫማ በላ። የበሩን ምንጣፍ በላ። ትናንት ደግሞ ባጃጅ በራችን ላይ ቆሞ እኔ ዕቃ ሳወርድ፣ የወንበሩን ስፖንጅ ጎልጉሎ አወጣው። ሹፌሩን ስለማመጥ ቡናዬ ገነፈለ።

አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ለውሻ ተብሎ የሚሸጥ፣ ጫፍና ጫፉ የተቋጠረ ነጭ ቆዳ አየሁ። ዋጋውን ሳይ ቀስ ብዬ መለስኩት። በዚያ ብር ለእኛም ሥጋ ይገዛል። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ «አጥንት ወርውሪለት፣ ውሻ አይደል እንዴ?» ትላለች። ልጄ የቴኒስ ኳስ ካልተገዛለት ይላል።

እኔ ግን ፈርቻለሁ። እናቴ ቤት የነበረው ውሻችን አንድ ክረምት የበቆሎ ቆረቆንዳ ዋጠ። እኛው ነን ጥብሱን በልተን የወረወርንለት። ሦስት ቀን ሲያስመልስ ሰነበተ። ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ «ዘግይታችኋል» አለን። እስከ ዛሬ በቆሎ ስበላ ቆረቆንዳውን የት እንደምጥል ይጨንቀኛል።

እና ምን ልስጠው? ምንስ ልከልክለው?

ሐይቅ ዳር፦

እህት ምን አስጨነቀሽ? ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ውረጂ፣ የቆሮሶ ዓሣ ጭንቅላት እንደ ጉድ ነው። እዚያ ያሉት ውሾች ማን ሱፐርማርኬት ወሰዳቸው? ከአባ ኮዳ ወፎቹ ጋር እየተጋፉ ይበላሉ፣ ወዛቸውን ብታዪ!

ጡረተኛው ከታቦር ሥር፦

ልጄ፣ በመጀመሪያ ቦቢን አትቆጪው። አምስት ወር የጥርስ ወር ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። ከአራት ወር ገደማ ጀምሮ ይረግፍና እስከ ሰባት ወር ድረስ 42 ይተካለታል። ድዱ ያሳክከዋል፤ ጫማው ጠላቱ ሆኖ አይደለም።

አሁን እትዬ ወዳለችው አጥንት ልምጣ። እኔም እንደሷ ነበር የማስበው። የዛሬ ስንት ዓመት ለሻምበል (ውሻዬ ነው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚፈራው) የበሬ ቅልጥም ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በረንዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ እየሰማሁ ደስ ብሎኝ ጋዜጣ አነባለሁ። ከሳምንታት በኋላ ከዓይኑ ሥር አበጠ። ንብ ነደፈው አልኩ። ለካ የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርሱ ተሰንጥቆ፣ ሥሩ መግል ቋጥሮ ነው። በማደንዘዣ ተነቀለ። ያወጣሁትን ብር ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ መፈተኛ አለኝ። የሚታኘከውን ነገር በአውራ ጣቴ ጥፍር እጫነዋለሁ። ጥፍሬ ትንሽ እንኳ ካልሰረጎደው ለጥርሱም ከባድ ነው፣ አልሰጥም። ቅልጥምና ቀንድ በዚህ ይወድቃሉ።

የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ሲበስል ይደርቅና እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል። የዶሮ ወጥ አጥንት ሁለት ጥፋት አለበት፤ ስንጥሩ አንድ፣ ሽንኩርቱ ሁለት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። በዓል ሲመጣ እንግዳ ሁሉ «እንካ ወንድሜ» እያለ ሲወረውርለት፣ እኔ ከኋላ እየዞርኩ እለቅማለሁ።

ያ የተቋጠረው ነጭ ቆዳ ምን መሰለሽ? የእኛው ጠፍር ነው! አያቴ አልጋ የሚወጥሩበት። ውሻው ሲያረጥበው ይለሰልስና ትልቁን ቁራጭ ሳያኝክ ይውጠዋል። ሆዱ ውስጥ ያብጣል፣ ቶሎም አይፈጭም። ስለዚህ ዋጋው ያስደነገጠሽ እሰየው ነው።

እኔ የምሰጠውን ልንገርሽ። ስኳር ድንች። ገበያችን ሞልቶታል። በቁመቱ ጣት በሚያህል ውፍረት ትቆርጪዋለሽ። እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ በቀረው የምጣድ ሙቀት ላይ ትደረድሪውና ትከድኝዋለሽ። በማግስቱ ዝንብ እንዳያርፍበት በወንፊት ሸፍነሽ ፀሐይ ላይ። ጫማ ቆዳ ሲመስል ደርሷል። የመጀመሪያውን ቀን ባለቤቴ ቋንጣ መስሏት ቀምሳዋለች። አሮጌ ፎጣም ጠምዝዘሽ ውሃ ነክረሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺ፤ ለድዱ እንደሱ የሚሆን የለም። ፈትሉ መተርተር ሲጀምር ግን ተቀበዪው። የተዋጠ ክር አንጀት ያጨማድዳል።

ኳሱን በተመለከተ፣ ልጅሽ አይዘንብኝ። የቴኒስ ኳስ ለመወርወር ይሁን፣ እንደጨረሳችሁ ተደብቆ ይቀመጥ። ፀጉሩ አሸዋ ይይዝና ጥርሱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ኳሱ ደግሞ አፉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ከሆነ ትንሽ ነው፣ ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል። የካልሲ ኳስም እንዳትሰጡት፤ ካልሲ የዋጠ ውሻ አውቃለሁ። ጎማ ቤት የሚጣል የመኪና ጎማ ቁራጭም ውስጡ ሽቦ አለበት።

የሻምበል ምርጥ መጫወቻ ባዶ ሃይላንድ ነው። ክዳኑንና አንገቱ ላይ ያለችውን ቀለበት አወጣለሁ። በርበሬ የሌለው ዳቦ ቆሎ እጨምርበታለሁ፣ ከአንድ እፍኝ በታች። ያንከባልለዋል፣ ይመታዋል፣ አንድ አንድ ይወድቅለታል። አጠገቡ ሆነሽ ብቻ። ፕላስቲኩ መቀደድ ሲጀምር ጣዪው፣ ነገ ሌላ አለ። መሸንገያው ሁሉ ተደምሮ ከቀን ምግቡ ከአስር አንድ እጅ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ሥጋ ቤት ነኝ፦

ጋሼ ሁሉን ብለውታል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው መጥቶ «ለውሻ የሚሆን ሳንባ ወይ ጉበት ስጠኝ» ይላል። በግ ሲታረድ ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት እናያለን፣ ብርቅ አይደለም። ያንን ውሻው ጥሬውን ከበላ አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ከውሻው ጋር የሚጫወት ልጅ አፍ ይገባል። ያ ከረጢት ሰው ጉበት ላይ ይበቅላል ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለውን አልሸጥም፣ ለውሻም አልሰጥም። ሌላውንም በደንብ ቀቅሉት። የትል መድኃኒቱን ደግሞ ሐኪሙን ጠይቂ፣ ፕራዚኳንቴል ያለበት።

ሐይቅ ዳር፦

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን ዓሣው?

ጡረተኛው ከታቦር ሥር፦

አጥንቱ ወጥቶ ሥጋው ከተቀቀለ ግሩም ነው። ጭንቅላቱን ተወው፣ መንጠቆ የቀረበት አለ። አሞራ ገደል ወዛቸው ያማረውን ትቆጥራለህ ልጄ፤ የሞቱትን ማን ቆጠረልህ?

የአቶቴዋ፦

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ይቅርታ ዘገየሁ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስኳር ድንቹ የመጀመሪያው ዙር አረረብኝ፣ ሁለተኛው ተሳካ። ቦቢ በፊት እግሮቹ ይዞት ግማሽ ሰዓት ጸጥ ይላል። ፎጣውንም ወዶታል። ሃይላንዱ ግን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሲሚንቶው ላይ ኳ ኳ ስለሚል እትዬ «አጥንት ብትሰጪው ኖሮ እንተኛ ነበር» ብላኛለች። አሁን ማታ እደብቀዋለሁ።

ትናንት ፎጣው ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጥርስ ተሰክታ አገኘን። ልጄ የራሱ ሲወልቅ እንደሚያደርገው ወስዶ ጣራ ላይ ወረወረለት።