«ወንዝ በመዝገብ አይጠራም»፦ ይጥበቅ ወይስ ይላላ?

ይግባኝ ባይ፦
ትናንት ማታ ስለ ዴልሂ ጭስ ስናወራ አንድ ወንድማችን «ወንዝ በመዝገብ አይጠራም፣ አየርም በውሳኔ አይጸዳም፤ ይኼ ሁሉ ክስ የጠበቃ መተዳደሪያ ነው» ብሎ ጻፈ። ያናደደኝ አባባሉ ብቻ ሳይሆን የጭብጨባው ብዛት ነው። እስቲ ያጨበጨባችሁ መልሱልኝ፤ የሴሬንጌቲን መንገድ ማን አገደው? ዓመት ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ አውሬ የሚተምበትን ሜዳ በአስፋልት ሊሰነጥቁት አልነበረም? አንድ የእንስሳት ደህንነት ድርጅት የምሥራቅ አፍሪካ የፍትሕ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2014 ሕገ ወጥ ነው አስባለ። በልመና አልቆመም፣ በመዝገብ ቆመ።

መሐንዲሱ፦
«አንድ ወንድማችን» የተባልኩት እኔ ነኝ። ስሜን ብትጠራ አፍህ አይጎድልም። ያልኩትን አልሰርዝም። የሴሬንጌቲው ፍርድ የከለከለው አስፋልቱን ነው። ታንዛኒያ ደግሞ ፍርዱ ሊሰጥ 3 ዓመት ሲቀረው፣ በ2011፣ «በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው ጠጠር ሆኖ ይቀራል» ብላ ለዩኔስኮ ጽፋለች። በተዘጋ በር ላይ ሁለተኛ ቁልፍ መጨመር ድል ከሆነ እንኳን ደስ አለህ።
ደግሞ እኔ ያልኩት ስለ ወንዝ ነው። አትራቶን ውሰድ። የኮሎምቢያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2016 ወንዙን ባለመብት አድርጎ ሞግዚት ሾመለት። ወርቅ አጣቢዎቹ ይኼን ሰምተው ማሽናቸውን ነቀሉ? ወንዙ ውስጥ የሚለቁት ሜርኩሪ ማንበብ አይችልም።

ፊደል ቆጣሪ፦
ከመቀጠላችሁ በፊት። «አይጠራም» ጠብቆ ነው ላልቶ? ጠብቆ ከሆነ ችሎት ፊት ስሙ አይጠራም ማለት ነው፤ ይኼ ሐሰት ነው፤ ጋንጅስና ያሙና በ2017 በሕንዷ ኡታራክሃንድ ክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት «ሰው» ተብለው ተጠርተዋል። ላልቶ ከሆነ ንጹሕ አይሆንም ማለት ነው፤ ያኔ ክርክሩ ይቀጥል።

መሐንዲሱ፦
ላልቶ ነው። ጠብቆም ይሁንልህ ግን። ሁለቱ ወንዞች ሰው ሆነው የቆዩት ለስንት ጊዜ ነው? አራት ወር እንኳ ሳይሞላቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አገደው። የክልሉ መንግሥት ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ «ወንዙ ሞልቶ ሰው ቢጎዳ የሚከሰሰው ማን ነው?» የሚል ነበር።

ዝም አይነቅዝም፦
ሃሃሃ ተከሳሽ ጋንጅስ፣ ቀርበሽ ቃልሽን ስጪ።
የኒውዚላንዱ ዋንጋኑይ ግን ተሟግቶ፣ አሸንፎ ነው ሰው የሆነው። እዚያ ላይ ምን ልትሉ ነው?

እሜቴ፦
ልጄ፣ ዋንጋኑይ በችሎት አላሸነፈም። በ2017 የወጣው የፓርላማ ሕግ ነው፤ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎቹ ጋር በተደረገ ስምምነት የተወለደ። 80 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ካሣ፣ 30 ሚሊዮን ደግሞ ለወንዙ ፈንድ። የወንዙ ወለል የማን ነው የሚለውን ጉዳይ ግን በ1938 ፍርድ ቤት ከፍተውት ነበር። ሃያ ዓመት ከዚያም በላይ ተጎትቶ በ1962 ተረቱ። በክስ የተረቱ ሰዎች በድርድር ረቱ። አሁን ይኼን ነጥብ ለማን ልስጥ? ለይግባኝ ባይ ወይስ ለመሐንዲሱ?

ይግባኝ ባይ፦
ለእኔ ነዋ እሜቴ! ያ ሁሉ ዓመት መዝገቡ ባይከፈት ማን ለድርድር ይጠራቸው ነበር?

ፊደል ቆጣሪ፦
ይኼኛው «ይጠራቸው» ግን ጠብቆ ነው ላልቶ?

መሐንዲሱ፦
አንተ ደግሞ!
እሺ፣ ወደ ክሶች ሁሉ እናት ልውሰዳችሁ። አሜሪካ፣ ቴሊኮ ግድብ። ከአውራ ጣት ብዙም የማትረዝም ዓሣ ተገኘች፣ ግድቡ ያጠፋታል ተብሎ ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ስድስት ለሦስት «ይቁም» አለ። ምን ሆነ? በቀጣዩ ዓመት ኮንግረሱ በበጀት ሕግ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ሸጉጦ አለፈውና ግድቡ ውሃ ያዘ። እንደገና በ2025 የዬል ተመራማሪዎች ዓሣዋ ልዩ ዝርያም አይደለችም፣ አስቀድማ ከታወቀች ሌላ ዓሣ ጋር አንድ ዝርያ ናት አሉ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ሙግት?

እሜቴ፦
ግማሹን ተናግረህ ግማሹን ዋጥከው። በመካከል የሆነውን ለምን ትዘላለህ? ከፍርዱ በኋላ «ግድብ ወይስ ዓሣ» ብሎ የሚወስን የሹማምንት ኮሚቴ ተቋቁሞ በጥር 1979 ተሰበሰበ። ያለ አንዳች ተቃውሞ ለግድቡ ፈቃድ ነፈገ። ለዓሣዋ አዝኖም አልነበረም። ግድቡ 95 በመቶ አልቆ እንኳ ማስጨረሻው ወጪ ከሚያስገኘው ጥቅም በልጦ ተገኘ። ዓሣዋ ወደ ፍርድ ቤት ባትወስደው ያንን ሒሳብ ማን ይሠራው ነበር? እናንተ መሐንዲሶች?
ዓሣዋ ደግሞ ወደ ሌሎች ወንዞች ተዛውራ ተርፋለች፤ በ2022 ከአደጋ መዝገብ ወጣች።

መሐንዲሱ፦
«እናንተ መሐንዲሶች» ምን ማለት ነው? ቴሊኮን የሠራሁት እኔ ነኝ እንዴ? በአካል ብንገናኝ እሜቴን አክብሬ እነሣለሁ፤ እዚህ ግን በጅምላ አይሰደብም።

ዝም አይነቅዝም፦
ተነካ!

ጠርሙስ፦
ጋሽ መሐንዲስ፣ በአክብሮት። እኔ ውሃ ስቀዳ የኖርኩ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ፍርድ ቤት ወንዝ አያጠራም በሚሉት በግማሽ እስማማለሁ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው።
አንድ ጊዜ ከአንድ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ በታች ናሙና ወሰድን። እዚያ የዕለቱን ሥራ ውሃው ራሱ ይነግራችኋል፤ ያን ቀን ወይን ጠጅ ነበር። ለከባድ ብረት የሚመረመረው ጠርሙስ ውስጥ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረጋል፣ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ2 በታች እንዲወርድ፤ አለዚያ ብረቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ለኦክስጅን ፍጆታ የሚመረመረውን ግን አሲድ አይነካውም፤ በረዶ ላይ ተቀምጦ በ48 ሰዓት ውስጥ ምርመራው መጀመር አለበት። ሁሉን አደረግን። ቅጹ ላይ ቀኑ አለ፣ ፊርማው አለ። የተቀዳበት ሰዓት ግን ከ6ቱ ጠርሙሶች በ2ቱ ላይ የለም። ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። እጄ ርሶ እስክሪብቶው አልጽፍ ሲለኝ «መኪና ውስጥ እሞላዋለሁ» ብዬ ረሳሁት።
የተከሳሽ ጠበቃ ኬሚስትሪውን አንድም ቀን አልነካውም። «48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» አለ፣ በቃ። ማስረጃችን ወደቀ። በሳምንቱ ባለፍኩበት ጊዜ ወንዙ አረንጓዴ ነበር።

መሐንዲሱ፦
እግዜር ይስጥሽ። አየህ ይግባኝ ባይ? «መኪና ውስጥ እሞላዋለሁ።» አንድ ወንዝ በአንዲት እስክሪብቶ ሞተ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው። ሥሩ ፋብሪካው ላይ የሚቆም ማጣሪያ ነው። ያንን የሚገዛ በጀት ነው፣ ያንን የሚቆጣጠር ሰው ነው። ዳኛ ማጣሪያ አይተክልም።

ይግባኝ ባይ፦
ከጠርሙስ ታሪክ ያወጣኸው ትምህርት ይኼ ነው? እኔ የገባኝ ፋብሪካው ጠበቃ ለመቅጠር ገንዘብ አግኝቶ ለማጣሪያ ማጣቱ ነው። በነጻ ይተክለዋል ብለህ ነው ወይስ አንተን ቀጥሮሃል?

መሐንዲሱ፦
መጣ! ማን እንደሚከፍለኝ ተጠየቅሁ። አንተስ? የውጭ ድርጅት አበል ይኖራላ።

ዝም አይነቅዝም፦
አበሉ ስንት ነው? እኔም ወንዝ እወዳለሁ።

እሜቴ፦
ተዉ። አርባ ዓመት ችሎት ለችሎት ተመላልሻለሁ፤ ሁለታችሁም የምትሉትን አይቻለሁ። ክስ የሚያቆመውንና ክስ የሚያሠራውን ለዩ። ዱሮ ሁለት ሰው ዱላ ሲማዘዝ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ዱላው አየር ላይ ይቀራል። እግድ ማለት እሱ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፣ የሚጠይቀውም አለማድረግን ብቻ ነው። ዛፉን አትቁረጥ፣ መንገዱን አታንጥፍ። እዚያ ላይ ፍርድ ቤት ጉልበተኛ ነው። «ተነሥና አጽዳ» ሲል ግን ሌላ ነው። እንግሊዝ አገር አንድ የጠበቆች ድርጅት መንግሥትን ከመኪና ጭስ ስለሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከሰሰ፤ በ2015 አሸነፈ፣ በ2016 አሸነፈ፣ በ2018 አሸነፈ። ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጋዝ! በየጊዜው «አዲስ ዕቅድ ጻፉ» ይባላሉ፤ ዕቅድ ይጽፋሉ። ሰው ግን የሚተነፍሰው ዕቅዱን አይደለም።

ይግባኝ ባይ፦
እሜቴ፣ ዴልሂስ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 የከተማውን አውቶቡስ ሁሉ ከናፍጣ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ቀይሩ ብሎ ቀን ቆረጠ። ዘግይቶም ቢሆን በ2002 መጨረሻ ተቀየረ። ይኼ «አታድርግ» ነው? ይኼ «አድርግ» ነው!

መሐንዲሱ፦
ዴልሂን አንተ ራስህ ታነሣለህ? ትናንት ስለ ጭሱ እያወራን አልነበር ክርክሩ የተጀመረው?

ይግባኝ ባይ፦
አውቶቡሱ በናፍጣ ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ ስለ ጭሱ ለማውራት ትንፋሽ አይኖርህም ነበር።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ቢሆን ኖሮ» ማስረጃ አይሆንም። ደግሞ ይኼ ሁሉ ዓመተ ምሕረት የፈረንጅ ነው? አንዳችሁም እ.ኤ.አ. አላላችሁም።

ዝም አይነቅዝም፦
ዴልሂ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር የሚሄድ አውቶቡስ አለ?

ጠርሙስ፦
እኔን የሚገርመኝ ማን ይከሳል የሚለው ነው። በ1992 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግብፅ አዞና የስሪላንካ ዝሆን ያሳሰባቸውን ከሳሾች «አንድ ቀን ተመልሰን እናያቸዋለን ማለት አይበቃም፣ ጉዳታችሁን አሳዩ» ብሎ መለሳቸው። በልዩነት የጻፉት ዳኛ «የአውሮፕላን ትኬት ቢቆርጡ ሊበቃ ነው» ብለው አላገጡ። የእኛው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው ይፈቅዳል፤ መጀመሪያ ለባለሥልጣኑ አቤት ይላል፣ በ30 ቀን መልስ ካጣ ወይም ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ይከሳል። (ፊደል ቆጣሪ፣ 1995ቱ የእኛው ነው።) በሩን ያጠበበው ያ ሁሉ መዝገብ አለው፣ የከፈተው ደግሞ ማን ገባበት?

መሐንዲሱ፦
የሚገባበት ሰው ጠርሙሱ ላይ ሰዓት ስላልጻፈ ይሆናላ።

ይግባኝ ባይ፦
ነውር ነው። ስህተቷን በገዛ እጇ ነግራን አንተ መሳቂያ ታደርጋታለህ?

ጠርሙስ፦
ተወው፣ እውነቱን ነው።

መሐንዲሱ፦
እህቴ ይቅርታ፣ ከፍቶብኝ ነው። የምፈራውን ልንገራችሁ። መዝገብ ለሁሉም የተከፈተ ነው ስትሉ ለባለ ገንዘቡም ነው። በ2025 አሜሪካ፣ ኖርዝ ዳኮታ ላይ ዳኝነት የተቀመጡ ሰዎች የአካባቢ ተሟጋቹን ድርጅት ግሪንፒስን ለነዳጅ ቧንቧ ኩባንያ ከ660 ሚሊዮን ዶላር በላይ ክፈል አሉት። ዳኛው በኋላ ቢቀንሰውም ያንን ያየ መንደርተኛ ነገ ቧንቧ ፊት ይቆማል?

ይግባኝ ባይ፦
ስለዚህ ክስ ዋጋ የለውም ያልከው ሰውዬ ኩባንያ ሲከስ ግን ዋጋ አለው ብለህ አመንክ። ላልቶም ጠብቆም ተያዝክ።

መሐንዲሱ፦
ዋጋ የለውም አላልኩም! አያጠራም ነው ያልኩት! ላልቶ!

እሜቴ፦
ሞምባሳ ዳር ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል ሠፈር አለ። የአሮጌ ባትሪ እርሳስ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ጎን ነበር። ክሱ በ2016 ተከፈተ። በ2020 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ተፈረደላቸው፣ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ሻረው፣ በታኅሣሥ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለሰው። ስንት ዓመት ነው? በልጅ ደም ውስጥ የገባ እርሳስ ቀጠሮ አያውቅም። ግን ያ መዝገብ ባይኖር ሠፈሩን ስሙን ጠርቼ የማወራላችሁ ይመስላችኋል?

ፊደል ቆጣሪ፦
«ስሙን ጠርቼ»...

እሜቴ፦
አንተን ነው አሁን የምከስህ።

ዝም አይነቅዝም፦
እኔ ምስክር እሆናለሁ። ጠርሙስ ሰዓቱን ትጻፍልን።

ጠርሙስ፦
2፡47። ከምሽቱ።

መሐንዲሱ፦
በማን ሰዓት?